ምን እያነበብሽ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ይህን አዳራሽ የሞላችሁት ቤታችሁ ሥራ ጠፍቶ እንዳልሆነ ይገባኛል። ልብስ ዘፍዝፋችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ አንድ ጆሯችሁ ስልካችሁ ላይ የቀረ አላችሁ። ከኋላ ረድፍ ሁለት ሕፃናትም ይታዩኛል። ካለቀሱ ይዛችኋቸው አትውጡ፤ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

አዘጋጆቹ «እናቶችና ንባብ» የሚል ርዕስ ነበር የሰጡኝ። ሰፋብኝ። እንዲህ ባለ ርዕስ ላይ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንባብ የአእምሮ ምግብ መሆኑን በማስታወቅ ይጀምራል፤ አድማጩም ከዚያ ወዲያ ያለውን አይሰማም። ስለዚህ አጥብቤው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መጣሁ፤ ርዕሴም እሱው ነው።

ጥያቄውን የተማርኩት ጤና ጣቢያ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ላስከትብ ሄጄ፣ ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። አጠገቤ ያለችው ሴት ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቶላታል። በአንድ እጇ ራሱን ደግፋ በሌላው በካላንደር ወረቀት የተለበጠ መጽሐፍ ይዛለች። ገጽ የምትገልጠው በአውራ ጣቷ ብቻ ነው። ሽፋኑ አይታይም።

«ምን እያነበብሽ ነው?» አልኳት።

«ቆይ፣ ይቺን ገጽ ልጨርስና።»

ገጹን ሳትጨርስ ስሟ ተጠራ። መጽሐፉን እኔ ላይ ጣል አድርጋ «ያዢልኝ» ብላ ገባች። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ነበር። እሷ ውስጥ ገብታ ልጇ ሲያለቅስ፣ እኔ ውጭ ሦስት ገጽ አነበብኩ። ስትመለስ መጽሐፉን ለመስጠት እንዳልቸኮልኩ ገብቷት ሳቀች። «ዩኒቨርሲቲ ስላልገባሁ ነው የማነበው» አለችኝ። «ተማሪዎቹ ካፌ ሲቀመጡ፣ ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ፣ ሲዋደዱ፤ እኔም አብሬያቸው የከረምኩ ይመስለኛል።» ከዚያ በኋላ በማላውቃት ሴት መጽሐፍ ምክንያት ለአንድ ዓመት ያህል ጓደኛ ሆንን። ኋላ ቤት ቀይራ ሄደች፤ ስሟን እንኳ አሁን ላስታውስ አልቻልኩም። የተናገረችውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላለችኝም፤ ለምን እንደምታነበው ነው የነገረችኝ።

ሴት ስትወልድ ስሟ ይጠፋል። «የሳሚ እናት»፣ «እማማ»፣ «የዕገሌ ሚስት» ትባላለች። የሚጠይቋት ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነው፦ ልጁ እንዴት ነው? ጥርስ አወጣ? ትምህርት ቤት ገባ? ስንት ወጣ? ባልሽስ? እነዚህ የፍቅር ጥያቄዎች ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ነገር ግን «ምን እያነበብሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው ስለ ራሷ ነው የጠየቃት። መልሱ «ምንም፤ ጊዜ የት አግኝቼ» ቢሆን እንኳ ጥያቄው ቤቷ ድረስ አብሯት ይሄዳል።

አሁን አንድ ሰው «ድሮ እናቶቻችን መች ያነቡ ነበር?» ይለኝ ይሆናል። የእኔ እናት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማራቸው አንዷ ናት። የዘመቻውን ፖለቲካ ዛሬ አላነሳም፤ ሥራው ግን በፈረንጆቹ 1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እናቴ ማታ ማታ ነጠላዋን ደርባ ቀበሌ ትሄድ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። የቤት ሥራዋን ስትሠራ እንዳላያት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ፊደል ለየች፣ ስሟን ጻፈች፣ የጸሎት መጽሐፏን እየቆጠረች ማንበብ ቻለች። ወፍራም ልብ ወለድ ግን አልደፈረችም።

ልብ ወለዱ በራዲዮ መጣላት። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ፣ የሰፈራችን ሴቶች ሰዓቱን ጠብቀው ወጡን ያወርዱ ነበር። በኋላ ሰው እናቴን «አንብበሽዋል?» ሲላት «ሰምቼዋለሁ» ትላለች፤ ያነበበ ሰው ከሚመልሰው በበለጠ ኩራት። የንባብ ክበብ የሚባል ነገር የትም ሳልሰማ በፊት ያየሁት ክበብ እሱ ነው። ቡናው ላይ የትናንቱ ክፍል ይነሳል፤ ያመለጣት ትጠይቃለች፤ የሰማችው ደግሞ ከወጋየሁ አስበልጣ ልትተርክ ትሞክራለች።

እኔ ያን መጽሐፍ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሳነብ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌልን ፍለጋ ነበር የምሮጠው። መጀመሪያ ላይ ስለ በዛብህ አባትና እናት፣ ስለ ቦጋለና ስለ ውድነሽ የሚያወራውን ክፍል እንደ ዳገት ቆጥሬ ነው ያለፍኩት። እናቴና ጎረቤቶቿ ግን ሰብለ ላይ እምብዛም አይቆዩም ነበር። የሚከራከሩት በውድነሽ ነው። ልጇ እንዲተርፍላት ለእግዚአብሔር ተሳለችው፤ ያ ስለት ነው ልጁ ሲያድግ ከሚወዳት ሴት ፊት እንደ ግንብ የቆመው። «ምን ታድርግ? እንዲሞትባት ኖሯል?» ትላለች አንዷ። «በልጅ ሕይወት መዋዋል ነውር ነው፤ እሱ መች ተጠየቀ?» ትላለች ሌላዋ። አንደኛዋ ጎረቤታችን ልጆች የሞቱባት ነበረች። እሷ ምንም አትልም፤ ዝም ብላ ትቆላለች። ቡናው ሲያርር ነው ዝምታዋ የሚታወቀው።

ራሴ ወልጄ፣ ልጄ ትኩሳት ይዞት ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ካደርኩ በኋላ ነው መጽሐፉን እንደገና የከፈትኩት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያው መጽሐፍ ነው፤ ያ ዳገት ያልኩት ክፍል ግን የመጽሐፉ ሥር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ «ፍቅር እስከ መቃብርን በልጅነቴ አንብቤዋለሁ» ለምትለኝ እናት ሁሉ «እንግዲያው ገና አላነበብሽውም» እላታለሁ። ትንሽ ትዕቢት አለበት፤ ይቅር በሉኝ።

እናት መጽሐፍ ስትጠቁም ሐያሲ የማያነሳው ነገር ታነሳለች። ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሠራሁ የሐያሲዎችንም ጽሑፍ አነባለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ነገር ግን ምዕራፉ አጭር ይሁን ረጅም፣ ፊደሉ ዓይን ያድክም አያድክም፣ እያጠቡ በአንድ እጅ መያዝ ይቻል አይቻል የነገረኝ ሐያሲ የለም። እኛ የምናነበው ቁርጥራጭ ጊዜ ላይ ነው። ወጥ እስኪበስል፣ ታክሲ እስኪሞላ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ። ገጻችንን የምናስታውሰው ባገኘነው ነገር ነው። ሰዎች ከመለሱልኝ መጻሕፍት ውስጥ ዕልባት ሆነው ያገኘኋቸውን ልንገራችሁ፦ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ፣ የጸጉር ማስያዣ፣ የክትባት ካርድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሕፃን ካልሲ። የበርበሬ ጣት አሻራማ አይቆጠርም። ዱሮ እቆጣ ነበር። አሁን አሻራው የት ላይ እንዳለ አያለሁ፤ ከወጥ ድስቱ አጠገብ እንኳ ያላስቀመጠቻት ገጽ የትኛዋ እንደሆነች ይነግረኛል።

እንዲህ ስል ቀጫጭን መጽሐፍ ብቻ እናንብብ ማለቴ አይደለም። በጓደኞቼ መሐል ብዙ የተዘዋወረው መጽሐፍ ከሁሉም ወፍራሙ ነው፦ ነቢይ መኮንን የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው»። መነሻው ማርጋሬት ሚቸል የተባለች አሜሪካዊት በፈረንጆቹ 1936 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ነቢይ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ወረቀቱም በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጣ። ይህን ለአንዲት መንታ ለምታጠባ ጓደኛዬ ስነግራት «እሱ በሲጋራ ወረቀት ከጻፈው እኔ በሽንት ጨርቅ መቀየሪያ ሰዓት አነበዋለሁ» አለች። አምስት ወር ፈጀባት፤ ጨረሰችው።

በዚህ መጽሐፍ የተከራከርነውን ያህል በምንም አልተከራከርንም። ከመጽሐፉ የተሠራውን ፊልም ያየ ሰው ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን በውበቷና በእልኳ ያስታውሳታል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ከሦስት ባል ሦስት ልጅ ትወልዳለች፤ ለመጀመሪያው ልጇ ደግሞ ዓይን የላትም። ልጁ እናቱን ፈርቶ ያድጋል። «መጥፎ እናት» ብለን ፈረድንባት። ከመካከላችን አንዷ፣ ሁለት ቦታ እየሠራች አራት ልጅ ያሳደገች፣ እንዲህ አለች፦ «ጦርነት ነው፤ ረሃብ ነው፤ ያንን ሁሉ አፍ ማን ያበላል? ልጇን ያላቀፈችው እጇ ስላልተፈታ ነው።» ዝም አልን። ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ እሷ ያን ቀን ብዙ አወቅን። አንዲት ወጣት ደግሞ መጽሐፉ ባርነትን እንዴት እንዳሳመረ፣ ጥቁሮቹን እንዴት እንደሳለ ስታነሳ ሁላችንም ያለፍነውን ነገር መለስ ብለን ማየት ነበረብን። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤው ያንን በደንብ ያየሁት በእሷ ንግግር ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። መጽሐፍ መጠቆም ጥሩ ልብ ብቻ የሚበቃው ሥራ መስሎኝ ነበር። የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» በወጣ ጊዜ አንብቤ አላስተኛ አለኝ። የአብዮቱን ዘመን ወጣቶች ተስፋ፣ ፍቅርና እስር ከውስጥ ሆና የጻፈች ሴት ናት። ባገኘሁት ሰው ሁሉ እጅ ላይ ካላስቀመጥኩ አልኩ። ለአንዲት በዕድሜ ለምትበልጠኝ ጎረቤቴም ሰጠኋት። በሳምንቱ መለሰችው፤ ልባጡ እንኳ አልተጨማደደም። «ታነቢዋለሽ ብዬ ነበር» አልኳት። «እኔ በቤቴ አንብቤዋለሁ ልጄ» አለችኝ። ወንድሟን በቀይ ሽብር እንዳጣች ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። መጽሐፉን ስሰጣት ግን ያሰብኩት ስለ መጽሐፉ እንጂ ስለ እሷ አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ቡና አፈላችልኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷ መጥታ «ያንን መጽሐፍ አሁን ስጪኝ» አለች።

ለዚህ ነው «ማንበብ ያለብዎት አሥር መጻሕፍት» የሚሉትን ዝርዝሮች የማልወደው። ዝርዝር ለማንም አይደለም። መጽሐፍ የሚጠቆመው ለአንድ ሰው ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ የምንጠቁመው ያነበብነውን ሳይሆን አነበበች እንድንባል የምንፈልገውን ነው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቁሜ፣ ለብዙ ዓመት «ድንቅ ነው» ስል ኖሬያለሁ። በአራተኛው ጨረስኩት፤ ድንቅ ነው። በፊት ግን ዋሽቻለሁ። «ጀምሬ አቆምኩት፤ ሃምሳኛው ገጽ ላይ ደከመኝ» የምትለኝ ጓደኛ ከምታወድስልኝ ጓደኛ ይልቅ ትጠቅመኛለች።

ስለ መጽሐፍ ዕቁባችን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ ልናገር። ዘጠኝ ነን። በወር በወር ትንሽ ትንሽ እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣላት በዚያ ገንዘብ የፈለገችውን መጽሐፍ ትገዛለች፣ መጀመሪያ ታነባለች፣ ከዚያ ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። ዙሩ ሲያልቅ መጽሐፉ ወደ ገዢዋ ይመለሳል። አንድ ሕግ አለን፦ የምታስተላልፈው ሴት ከመጨረሻው ልባጥ ውስጥ ለተቀባይዋ አንድ መስመር መጻፍ አለባት። «ምዕራፍ ሰባትን ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢ» የሚል አለ። «ባልየውን እንዳትወጂው፤ ኋላ ታፍሪያለሽ» የሚልም አለ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የሚመልስ የባሰ ሞኝ ነው የሚል ቀልድ አለን አይደል? በዕቁብ ግን ሞኝ የለም፤ ዳኛም ጸሐፊም አለ።

ዕቁቡ የመጣው ከድህነት ነው፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። የወረቀት ዋጋ ሲንር አንዲት የቤት እመቤት በየወሩ መጽሐፍ ልግዛ ብትል አስቤዛውን ትነካለች። ድሮ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፤ ማስያዣ አስይዘን በቀን ሒሳብ እንወስድ ነበር። ዛሬ ቦታውን የያዘው ቴሌግራም ነው። ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ተነስቶ በነፃ ይመጣል። ልጆቼም ይልኩልኛል። ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እኅት ማታ ጆሮዋ ላይ የሚተረክ መጽሐፍ ሰክታ ስትተኛ እኔ ልፈርድባት አልችልም፤ የት ሄዳ ትግዛ? እዚህ ሆነን፣ መግዛት እየቻልን ለሃምሳ ሰው የምንልከው ግን ሌላ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ድርጊቱን ይከለክላል፤ ይህን ስል ከዚህ አዳራሽ የሚያፍሩ ፊቶች ይታዩኛል። መጽሐፍ ማዋስ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ማንበብ ነው። ፎቶ አንስቶ መበተን ግን የደራሲውን ቀጣይ መጽሐፍ እንዳይጻፍ ማድረግ ነው። በዚህ ጉዳይ ከልጆቼ ጋር አልተስማማንም።

ስለ ልጆች መጻሕፍት እንድናገርም ተጠይቄ ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ሲያዞር ብዙዎቻችን አይተናል ወይም ሰምተናል። እንደዚያ ያለ ሥራ ይብዛልን። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። እናት ስታነብ «ለልጇ አርአያ እንድትሆን ነው» ይባላል። ልጇ ባይኖርስ? ለራሷ አታነብም? ልጅ እናቱን መጽሐፍ ይዛ ስትስቅ ማየቱ መልካም ነው፤ የምትስቀው ግን ደስ ስላላት ይሁን። ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» ብለው ሲያሳትሙ፣ ርዕሱ ላይ የልጆቼ አላሉም፤ የልቤ ነው ያሉት። በጣሊያን ዘመን አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ፣ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት የመሩ፣ በኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ያን ሁሉ ሥራ ይዘው ለልባቸው ጊዜ አገኙለት።

አንድ ታሪክ ቀርቶኛል። አንዲት ጓደኛዬ ልጇ ዋሽንግተን ናት፤ እዚያው ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ የማታነብ። ሻንጣ ሲላክ በርበሬና ሽሮ እንጂ መጽሐፍ አይጠየቅም ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በፈረንጆቹ 2025 በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ልጅቱ ገዝታ አነበበችና ሌሊት እናቷን ቀሰቀሰቻት። «እማዬ፣ ይሄን መጽሐፍ ታውቂዋለሽ?»

እናቷ ታውቀዋለች። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ የጎረቤት ልጅ ለሁለት ሌሊት አውሷት፣ በኩራዝ መብራት፣ የመጀመሪያ ልጇን ነፍሰ ጡር ሆና ነው ያነበበችው። በየካቲት 1976 ደራሲው ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ መጽሐፉን ማንበቧን እንኳ ለማንም አልተናገረችም። ለባሏም። ለልጇ የነገረቻት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ፣ ያን ሌሊት በስልክ ነው። አሁን በየእሑዱ ይደዋወላሉ፤ ልጅቱ በእንግሊዝኛ አንድ ምዕራፍ ታነባለች፣ እናት የአማርኛውን ከፍታ ትከተላለች። በመጽሐፉ ውስጥ ባለችው በፊያሜታ ጉዳይ አይስማሙም። እናትየው ትራራላታለች፤ ልጅቱ ታምናታለች። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጓደኛዬን ጠየቅኋት፤ «አንብቢና ንገሪን» አለችኝ።

ጊዜዬ አልቋል፤ የኋለኛው ረድፍ ሕፃንም ነቅቷል። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የዕቁባችን ሴቶች ያመጧቸው መጻሕፍት አሉ። ለመሸጥ አይደለም፤ የምትወስዱትን ስምና ስልካችሁን ደብተሩ ላይ ጽፋችሁ ውሰዱ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን አጠገባችሁ ያለችውን የማታውቋትን ሴት ምን እያነበበች እንደሆነ ጠይቋት። ግራ ጥግ ላይ በካላንደር ወረቀት የተለበጠው የኔ ነው። ውስጡ የዚህ ወር የመብራት ደረሰኝ አለ፤ ገና አልከፈልኩትም፤ እባካችሁ እሱን አስቀሩልኝ።